ጠማማውን ማቅናት፤ አሠራሩ ያላማረ የሞዴል አውሮፕላን ሲያጋጥም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የእጅ ሥራ ጥራትና የባለሙያው ኃላፊነት የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ዳር እስከ ዳር ልዳስሰው ብል ከላይ ከላይ ነካክቶ ከማለፍ በቀር ፍሬ ያለው ነገር ለማቅረብ አይቻለኝም። ስለዚህ ከሰፊው እርሻ አንዲት ጠባብ ትልም መርጫለሁ። ይኸውም አሠራሩ ያላማረ፣ ክፍሎቹ እንደ ልብ የማይገጣጠሙ፣ የገዛውን ሰው የሚያሳዝን የሞዴል አውሮፕላን በእጃችን በገባ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባናል የሚለው ጥያቄ ነው። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

«ይህ የልጆች መጫወቻ አይደለምን? በአውሮፕላን ጥገናና በምሕንድስና ሥራ ለተሰማራ ማኅበር ምን ይረባዋል?» የሚል ሐሳብ ከአንዳንዶቻችሁ ልብ ሳያድር እንደማይቀር እገምታለሁ። መልሱን ከታሪክ ልጀምር። በ1901 የራይት ወንድማማቾች ቀደም ብለው የታተሙት የአየር ግፊት ሠንጠረዦች አላስተማምን ቢሏቸው፣ ዴይተን በተባለችው ከተማቸው የነፋስ መተላለፊያ ሣጥን ሠርተው ሁለት መቶ የሚያህሉ ትንንሽ የክንፍ ሞዴሎችን ፈተኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለበረረችው አውሮፕላን መሠረት የሆነው ዕውቀት የተገኘው በመዳፍ ላይ ከሚቀመጡ ከእነዚያ ቁርጥራጭ ሞዴሎች ነው።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አምስት መቶ ሺሕ የእንጨት ሞዴሎች እንዲሠሩለት ጠየቀ። መጠናቸው 1/72 ሲሆን፣ ዓላማቸውም የጠላትና የወዳጅ አውሮፕላን ቅርጽ ለይቶ ማወቅን ለማስተማር ነበር። በዚህ መጠን የተሠራ ሞዴል ከ10 ሜትር ርቀት ላይ ሲታይ፣ እውነተኛው አውሮፕላን ከ720 ሜትር ርቀት ላይ የሚታየውን ያህል ሆኖ ይታያል። እንግዲህ የክንፉ ጫፍ ክብ መሆን ሲገባው አራት ማዕዘን ሆኖ ቢሠራ፣ በዚያ ሞዴል የተማረው ተኳሽ በወዳጁ ላይ ሊተኩስ ይችላል ማለት ነው። ሞዴል የእውነተኛው ነገር ምስክር ነው። ምስክርም የሚናገረው እውነት ካልሆነ ዝም ማለቱ ይሻላል።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ሞዴል በሣጥን ተበታትኖ የሚመጣ፣ ገዢው ራሱ ገጣጥሞ፣ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ የሚጨርሰው የፕላስቲክ ኪት ነው። የሣጥኑ ሥዕል ያማረ ነው፤ አውሮፕላኑ በደመና መካከል ሲበር፣ ፀሐይ በክንፉ ላይ ስታበራ ያሳያል። ሣጥኑ ሲከፈት ግን ሁልጊዜ የሥዕሉን ያህል አይገኝም። አንዳንዴ የአውሮፕላኑ አካል ሁለት ወገን እርስ በርሱ አይገጥምም፤ ክንፉ ተጣሟል፤ መስተዋቱ ደብዝዟል፤ የሚለጠፉት ምልክቶች ቢጫ ሆነዋል። ገዢው ገንዘቡን አውጥቷል፤ ከዚያም በላይ ተስፋውን አውጥቷል። ያዘነበትም ምክንያት አለው። ነገር ግን ኀዘን ብቻውን ክንፍ አያቀናም፤ የችግሩን ምንጭ ማወቅ ይቀድማል።

የፕላስቲክ ሞዴል የሚወለደው እንዲህ ነው። ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ በጥራጥሬ መልክ ይመጣና በሙቀት ይቀልጣል፤ ከዚያም ሁለት ተጋጣሚ ገጽ ወዳለው የብረት ቅርጽ ማውጫ በብርቱ ግፊት ይገባል። ቀዝቅዞ ሲጠነክር ቅርጽ ማውጫው ይከፈታል፤ ትንንሽ የብረት ዘንጎችም ክፍሎቹን ከውስጥ ገፍተው ያስወጧቸዋል። እያንዳንዱ ጕድለት ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ የሚፈጠር ነው። ሁለቱ የብረት ገጾች በእርጅና ወይም በደካማ አሠራር አጥብቀው ካልተገናኙ፣ ቅልጡ ፕላስቲክ በስንጥቁ ይፈስና በክፍሉ ዳር እንደ ስስ ቅጠል ያለ ትርፍ ይተዋል። ገጾቹ ጥቂት ተንሸራተው ከተገናኙ ክብ መሆን የሚገባው ነገር ክብነቱን ያጣል፤ መንኰራኵሩና የመንኰራኵሩ ተሸካሚ እግር መካከላቸው ላይ ደረጃ ያወጣሉ። ክፍሉ ወፍራም በሆነበት ስፍራ ውስጡ ከላዩ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሲኰማተር ላዩን ወደ ውስጥ ስቦ ጐድጓዳ ይሠራል። ቅልጡ እስከ መጨረሻው ሳይደርስ ከቀዘቀዘ የፕሮፔለሩ ምላጭ ጐዶሎ ሆኖ ይወጣል። ክፍሉ ሳይጠነክር ከወጣ ይጣመማል። ገፊዎቹ ዘንጎች ደግሞ በነኩት ቦታ ሁሉ እንደ ማኅተም ያለ ክብ ምልክት ትተው ያልፋሉ።

የገንዘብም ጉዳይ አለበት። ከጠንካራ ብረት ተፈልፍሎ የሚሠራ ቅርጽ ማውጫ ዋጋው ከባድ ስለ ሆነ፣ አምራቹ ወጪውን ለመተካት እጅግ ብዙ ቅጂ መሸጥ አለበት። በዚህም ምክንያት ስመ ጥር የሆኑ የጦር አውሮፕላኖች በብዙ አምራቾች ተደጋግመው ሲሠሩ፣ ገዢ የማይበዛላቸው ዓይነቶች ወይ ከነጭራሹ አይሠሩም፤ ወይም ጥቂት ቅጂ በሚያወጡ ትንንሽ አውደ ጥናቶች ይሠራሉ። እነዚህ አውደ ጥናቶች ዋጋው ዝቅ ባለ ቅርጽ ማውጫና በአነስተኛ ግፊት ስለሚሠሩ፣ ከእጃቸው የሚወጣው ኪት ወፍራም ጠርዝ ያለው፣ ክፍሎቹን የሚያያይዝ ሾላና ቀዳዳ የሌለው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ደካማ ኪት ሁሉ የአምራቹ ስንፍና ውጤት ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። አንዳንዱ በርግጥ ስንፍና ነው፤ አንዳንዱ ግን ሌላ ማንም ያልደፈረውን ዓይነት በትንሽ አቅም ለማቅረብ የተደረገ ሙከራ ነው።

የሥራው ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በ1936 በእንግሊዝ አገር ፍሮግ የተባለው ድርጅት ፔንግዊን በሚል ስም ያወጣቸው 1/72 የፕላስቲክ ሞዴሎች ከሴሉሎስ አሲቴት የተሠሩ ነበሩ፤ ይህ ቁስ ዓመታት ባለፉ ቍጥር የመጣመም ጠባይ አለው። በ1950ዎቹ ኤርፊክስ የተባለው ድርጅት ያወጣው የመጀመሪያው የስፒትፋየር ሞዴል ደግሞ፣ ኦሮራ የተባለው አምራች ቀደም ብሎ በተለቀ መጠን ከሠራው ሞዴል ተቀንሶ የተወሰደ ነበር። ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ የቀድሞውን ስሕተት ወርሶ፣ የራሱን ጨምሮ መሄዱ የማይቀር ነው። ሆኖም ያ ፍጹም ያልነበረ ሞዴል በርካሽ ዋጋ ተሽጦ ለአያሌ ወጣቶች የአቪዬሽን ፍቅር በር ሆኗል። ደካማ ኪት ፍሬ አልባ ኪት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ኪት በእጃችን ሲገባ የመጀመሪያው ተግባር ምንም አለመቍረጥ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብዙው ሰው ሣጥኑን በከፈተበት ሰዓት ምላጭና ማጣበቂያ ያነሣል፤ ጕድለቱን የሚያውቀውም ግማሹ ከተጣበቀ በኋላ ነው። የሚገባው ግን አስቀድሞ ክፍሎቹን ከመመሪያው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር፣ የጐደለውንና የተሰበረውን መመዝገብ፣ ቀጥሎም መለካት ነው።

ለመለካት ለሁላችንም የታወቀውን ዲሲ-3 እንውሰድ። ይህ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ነው። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በ1/72 ሞዴል ላይ 403 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በ1/144 ሞዴል ላይ ደግሞ 201 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ክንፉ 2 ሚሊ ሜትር ቢያጥር ዓይን አያየውም፤ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝም ጥቂት መኰማተሩ የታወቀ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ቢያጥር ግን በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ86 ሳንቲ ሜትር በላይ ጐድሏል ማለት ነውና፣ ይህ የአሣሣል እንጂ የመቀዝቀዝ ስሕተት አይደለም። በ72 ማባዛት ሌላም ነገር ይገልጥልናል። በብዙ ርካሽ ኪቶች ላይ የቆርቆሮውን መጋጠሚያ ለማሳየት የሚቀረጸው መስመር 0.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 21.6 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቦይ ይሆናል። የክንፉ የኋላ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ እውነተኛው 72 ሚሊ ሜትር የሆነ ደንዳና ጠርዝ ነበረው እንደ ማለት ነው። ከመካከላችን እንዲህ ያለ አውሮፕላን አይቶ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የሚፈርም የለም።

ከልኬቱ በኋላ ክፍሎቹን ያለ ማጣበቂያ፣ በፕላስተርና በላስቲክ ብቻ አያይዞ ማየት ይገባል። በዚህ ጊዜ የአውሮፕላኑ አቋቋም ይታያል። በዲሲ-3 ላይ ሞተሮቹን የያዘው የክንፉ መካከለኛ ክፍል ዝርግ ሲሆን፣ ወደ ላይ ማዘንበል የሚጀምረው ከዚያ ውጭ ያለው ክፍል ነው። ይህን ያልተረዳ አምራች ክንፉን ከሥሩ ጀምሮ ቢያዘነብለው፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም አውሮፕላኑ ዲሲ-3 መምሰሉን ያቆማል።

በዚህ ዓይነት የተገኙት ጕድለቶች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው የአወጣጥ ጕድለት ነው፤ ትርፍ ጠርዝ፣ ጐድጓዳ፣ የዘንግ ማኅተም፣ ጥመት። ሁለተኛው የአገጣጠም ጕድለት ነው፤ ክፍተትና ደረጃ። ሦስተኛው የቅርጽ ጕድለት ነው፤ አፍንጫው አጭር፣ ጅራቱ ረዥም፣ የሞተሩ መሸፈኛ ጠባብ ሆኖ ሲገኝ። ይህን ክፍፍል ማወቅ የሚጠቅመው መድኀኒታቸው የተለያየ ስለ ሆነ ነው።

ለአንደኛው ወገን የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ትርፉ በምላጭ ተፍቆ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። የተጣመመ ክንፍ ከመፍላት ጥቂት በረድ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ተነክሮ በእርጋታ ከተቃና በኋላ፣ በዝርግ ነገር ላይ ተይዞ እስኪቀዘቅዝ ይቈያል። ወደ እሳት ማስጠጋት ግን የተጣመመውን ማቅለጥ ነው። ጐድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፤ ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚኰማተር አንድ ጊዜ ወፍራም ከመለሰን ይልቅ፣ ስስ ስስ እያደረጉ፣ እያንዳንዱ እስኪደርቅ እየጠበቁ መደራረብ ይሻላል። ከኪቱ ፍሬም የተረፈውን ፕላስቲክ ቈራርጦ በራሱ ማጣበቂያ ውስጥ በማሟሟት የሚገኘውም መሙያ መልካም ነው፤ ከሞዴሉ ጋር አንድ ባሕርይ ስላለው ሲሞረድ እኩል ይበላል።

ለሁለተኛው ወገን ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ሁለቱ የአካል ወገኖች እኩል ካልሆኑ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማጣበቅ አይገባም፤ ከሚታየው ከላይኛው ጀርባ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ሳንቲ ሜትር እያጣበቁ፣ እየያዙና እያደረቁ በመሄድ ልዩነቱን ወደማይታየው ወደ ሆዱ መግፋት ይቻላል። ሾላና ቀዳዳ የሌለው ክንፍ በማጣበቂያ ብቻ አይታመንም፤ በብረት ሽቦ ወይም በፕላስቲክ ዘንግ ውስጥ ለውስጥ መደገፍ ይኖርበታል። መስተዋቱ ደብዝዞ ከሆነ በጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ቢታሽ ይጠራል፤ የሚያጣብቁትም ሲደርቅ ጥርት በሚል ነጭ ኮላ ነው፤ ፕላስቲክን የሚያሟሟው ማጣበቂያ መስተዋቱን ያጨልመዋልና። በአፍንጫቸው ሥር መንኰራኵር ያላቸው አውሮፕላኖች ሞዴል በጅራቱ እንዳይቀመጥ፣ አካሉ ከመዘጋቱ በፊት ከአፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር ይገባል። ከተዘጋ በኋላ የሚታሰብ ክብደት መግቢያ የለውም።

ሦስተኛው ወገን ግን ፍርድ ይጠይቃል፤ የሙያው ፈተና የሚገኘውም ከዚህ ላይ ነው። የቅርጽ ስሕተትን ለማረም ቈርጦ መቀጠል፣ አዲስ ክፍል መፈልፈል፣ የጠፋውን መስመር እንደ ገና መቅረጽ ያስፈልጋል። ይህ ይገባል ወይስ አይገባም? ሁለት ዓይነት ሰዎች ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው «ተወው፤ የተሻለ ኪት ግዛ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ በሆነ ነገር ጊዜህን አታጥፋ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ስሕተት አያልፍም፤ ሁሉን ያፈርሳል፣ ሁሉን ይተካል፤ በመጨረሻም ከሣጥኑ የመጣው ነገር ሁሉ ተጥሎ፣ የተጀመረው ሳይጨረስ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። የተሻለ ኪት በገበያ ላይ ካለ፣ የዋናው አካል ቅርጽም ከመሠረቱ የተበላሸ ከሆነ፣ መተው ሽንፈት ሳይሆን ማስተዋል ነው። የተተወውም ኪት አይጣልም፤ የቀለም መሞከሪያ፣ የስቱኮ መለማመጃ፣ የመለዋወጫ ምንጭ ይሆናል። ሌላ ኪት የሌለው ዓይነት ከሆነ ግን ደካማው ኪት ከባዶ እጅ ይሻላል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ጥያቄ «ምን ያህል ስሕተት አለው?» ሳይሆን «አውሮፕላኑን ራሱን የሚያሰኘው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሰው አንድን አውሮፕላን በክንድ ርቀት ሲያይ የሚለየው በአካሉ መስመር፣ በክንፉ አዘነባበል፣ በአፍንጫው ቅርጽና በመንኰራኵሩ ላይ ባለው አቋቋም ነው። እነዚህ ይታረሙ። በመንኰራኵር ክፍሉ ውስጥ የተረሳች ቧንቧ ብትቀር የሞዴሉ ምስክርነት አይጠፋም።

እዚህ ላይ ለአገራችን ባለሙያ ልዩ ትርጕም ያለው አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲሆን፣ አውሮፕላኑም ዳግላስ ሲ-47 ነበር። ሲ-47 የዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም ነው፤ በግራ ጐኑ ያለው ሰፊው የጭነት በር ከመንገደኛው ዓይነት ይለየዋል። እንግዲህ ይህን አውሮፕላን በሞዴል ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው የመንገደኛውን ኪት ገዝቶ ቢገጣጥም፣ ሥራው እጅግ ቢያምርም ያቀረበው ሌላ አውሮፕላን ነው። ሸካራው የሲ-47 ኪት ካማረው የዲሲ-3 ኪት የሚበልጥበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ቅልጥፍናና እውነት ሁልጊዜ በአንድ ሣጥን ውስጥ አይመጡም።

በአውሮፕላን አካል ላይ የሚጻፈው ፊደልም እንዲሁ ነው። ፊደላችንን የማያውቅ ሠዓሊ «የኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል እንደ ሥዕል እንጂ እንደ ንባብ አያየውም። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፊደል በ1/144 ሞዴል ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በዚህች ስፍራ የዮ እግር ብትቈረጥ፣ የጵ ምልክት ብትጠፋ፣ ቃሉ ቃል መሆኑ ይቀራል። የባዕድ አገር ገዢ ይህን አያስተውልም። እኛ ግን እናነበዋለን። የክንፍ ጫፍ ጥቂት መወፈርን ይቅር ማለት ይቻላል፤ ስማችን ተሳስቶ ተጽፎ እያየን ዝም ብለን መለጠፍ ግን ተገቢ አይደለም። እንዲህ ያለውን ምልክት ጥሎ፣ በቀጭን ብሩሽ በእጅ መጻፍ ቢከብድም፣ ከዚያ የቀለለ ትክክለኛ መንገድ ከሌለ እርሱው ይሻላል።

የተከበራችሁ አባሎች፤

እስካሁን የተናገርኩት በሞዴል ላይ ስለሚፈቀደው ነው። አሁን ደግሞ ስለ ድንበሩ ልናገር፤ ይህ ድንበር ካልተሰመረ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከጥቅሙ ጕዳቱ ይብሳል። ሞዴል ሠሪ ክፍተትን በስቱኮ ይሞላል፤ ሞርዶም ቀለም ይቀባዋል፤ ጕድለቱም ከዓይን ይሰወራል፤ ስለዚህም ይመሰገናል። ይኸው እጅ በማግስቱ ወደ አውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ ሲገባ፣ ጕድለትን ከዓይን መሰወር ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ስሕተት ይሆናል።

ኦገስት 12 ቀን 1985 ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ ይበር የነበረው የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 ተራራ ላይ ወድቆ ከ524 ሰዎች 520ው ሞቱ። ምርመራው እንዳረጋገጠው፣ አውሮፕላኑ በ1978 ሲያርፍ ጅራቱ መሬት ነክቶ ስለ ነበር የኋለኛው የአየር ግፊት ግድግዳ ተጠግኖ ነበር። ጥገናው አንድ ወጥ ማያያዣ ሰሌዳ እንዲገባበት የታዘዘ ሲሆን፣ ሰሌዳው በሁለት ተቈርጦ ስለ ገባ ጭነቱን ሁለት ረድፍ ሪቬት መሸከም ሲገባው አንድ ረድፍ ብቻ ተሸከመው። ግድግዳው ለሰባት ዓመት ቻለ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልቻለም። ሥራው ሲጨረስ ያየ ሰው ግድግዳው ተጠግኖ፣ ሰሌዳው ገብቶ፣ ሪቬቱ ተመትቶ አይቷል። የጐደለው የሚታየው አልነበረም።

ይህን አሳዛኝ ታሪክ ከፕላስቲክ ሞዴል ጋር ያነሣሁት ሁለቱን ለማስተካከል አይደለም፤ ያ ለሞቱት አክብሮት ማጣት ይሆናል። ያነሣሁት ሠልጣኞቻችን ከሞዴል ሥራ የትኛውን ልማድ ይዘው መውጣት እንዳለባቸው ለመለየት ነው። ከደካማ ኪት የሚገኘው እውነተኛ ትምህርት መደበቅ ሳይሆን መመርመር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ያማረ ኪት የሚሠራ ሰው መጠርጠርን አይማርም፤ ክፍሉ ሁሉ ከክፍሉ ጋር ይገጥምለታልና መመሪያውን ተከትሎ ይጨርሳል። ደካማ ኪት የሚሠራ ግን በየርምጃው ይለካል፤ ያመሳክራል፤ መመሪያው ራሱ ሊሳሳት እንደሚችል ይረዳል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሠልጣኝም ሆነ ከእኛ መካከል ማንኛውም ሰው እንዲህ ያለውን ኪት ሲሠራ ከጐኑ አንድ ወረቀት ያኑር። በወረቀቱ ላይ አራት ዓምድ ይኑር፤ የተገኘው ጕድለት፣ የጕድለቱ ምክንያት፣ የተደረገው እርማት፣ ሳይታረም የቀረው። ሞዴሉ ሲያልቅ አራተኛው ዓምድ በአጭሩ ተጽፎ ከማስቀመጫው ሥር ይለጠፍ። «የሞተሩ መሸፈኛ ጠባብ ነው፤ አልታረመም» ተብሎ ቢጻፍ ሠሪውን አያዋርደውም። በቢሮ ወይም በትምህርት ቤት የሚቀመጥ ሞዴል ከሠሪው ዕድሜ በላይ ሊኖር ይችላል፤ በኋላ የሚመጣ ወጣት ሞዴሉን እንደ ማስረጃ ቢወስደው የትኛውን ማመን፣ የትኛውን አለማመን እንዳለበት ይነግረዋል።

ለአምራቹም መጻፍ ተገቢ ነው። አቤቱታ ግን ስድብ መሆን የለበትም። «ኪታችሁ አይረባም» የሚል ደብዳቤ ለማንም አይጠቅምም። የክፍሉን ቍጥር፣ መሆን የሚገባውን ልክ፣ ሆኖ የተገኘውን ልክና ፎቶግራፉን የያዘ ደብዳቤ ግን የጐደለውን ክፍል ሊያስልክ፣ ከዚያም አልፎ የሚቀጥለውን እትም ሊያሳርም ይችላል። ይህም ቢሆን ከሙያችን ወግ የራቀ አይደለም፤ ጕድለት አይቶ በትክክል መዝግቦ ለሚመለከተው ማስታወቅ የዕለት ተዕለት ሥራችን ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ልናገረው የሚገባኝን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። ደካማ ኪት አብልጦ የሚጐዳው የለመደውን ሰው ሳይሆን ጀማሪውን ነው። ልምድ ያለው ሰው ክንፉ አልገጥም ሲለው ክንፉን ይጠረጥራል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ራሱን ይጠረጥራል። ወላጆቹ ከውጭ አገር ወይም ከከተማው ሱቅ በስንት ጭንቀት ገዝተው የሰጡት ሣጥን ከፍቶ፣ መመሪያውን እንደ ታዘዘው ተከትሎ፣ በመጨረሻ ጠማማና በማጣበቂያ የተጨማለቀ ነገር በእጁ ሲቀር፣ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይደመድማል። ኪቱ ከአምራቹ ሲወጣ ጠማማ እንደ ነበረ የሚነግረው ሰው በአጠገቡ ከሌለ፣ አንድ መልካም ቴክኒሺያን ወይም መሐንዲስ ሳይጀምር ይቀራል። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልከሰረም፤ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። ቢሆንም ጉዳት ነው።

ይህን ጉዳት ማስቀረት ከእኛ አቅም በላይ አይደለም። ልጁ የሠራውን ይዞ ሲመጣ «ጥሩ ነው» ብሎ ማባበል አይበቃም፤ ጥሩ አለመሆኑን እርሱም ያውቀዋልና። «አበላሸኸው» ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሞዴሉን ተቀብሎ፣ አገላብጦ አይቶ፣ «ይህ ክፍተት ከአምራቹ የመጣ ነው፤ ይህ የማጣበቂያ ጠብታ ግን የአንተ ነው፤ ያኛውን እንዲህ ይሞሉታል፤ ይኸኛውን እንዲህ ይጠነቀቁለታል» ብሎ መለየት ይገባል። የሌላውን ጥፋት ከራሱ ጥፋት መለየት የቻለ ልጅ የራሱን ለማረም አይፈራም። ይህ ዐይነቱ ፍርድ የሚገኘው ክፍሎቹን ለክቶ፣ ጕድለቱን ለይቶ ከሚያውቅ ሰው ነው፤ በዚህ አዳራሽ ያለነው ደግሞ መለካትን ሙያ ያደረግን ሰዎች ነን።

ማኅበራችን በየዓመቱ ለትምህርት ቤቶች ከሚያደርገው እርዳታ ጋር፣ ከአባሎቹ ፈቃደኞች የሆኑት በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወጣቶች ጋር ተቀምጠው ሞዴል የሚሠሩበትን መንገድ ሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ቢመለከተው መልካም ይመስለኛል። የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ካሊፐርና ትዕግሥት ነው። ኪቶቹም ከሁሉ የተመረጡ እንዲሆኑ አያስፈልግም።